የአባ ቆይ ቀይ ወይን

"ቆይ" የሚል ሰው የሌለበት ቀበሌ ካለ ንገሩኝና ጓዜን ጠቅልዬ ልግባበት። ያለ አይመስለኝም። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሶፋውን ከገዛ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ላስቲኩን ግን እስካሁን አልገፈፈውም፤ እንግዳ በተቀመጠ ቁጥር እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ብርጭቆዎቹ ቡፌው ውስጥ ተደርድረው ያበራሉ፣ እሱ ጆሮው በተሰበረ ኩባያ ውኃ ይጠጣል። አዲስ ጫማውን ለቀን ብሎ ሲያስቀምጥ እግሩ ያብጥበትና ጫማው ለአማቹ ይተርፋል። ለምን ስትሉት መልሱ አንድ ነው፤ "ቆይ፣ ቀኑ ይድረስ።" የትኛው ቀን እንደሆነ እንኳን እናንተ እሱም አያውቀውም።

የየሰፈራችሁ ቆይ ባይ ግን ከእኛው ጋር ለውድድር አይቀርብም። የእኛው ያስቆዩት ሶፋ አይደለም። ቀይ ወይን ነው፤ ያውም አንድ ትልቅ በርሜል ሙሉ፣ ያውም ሃያ አራት ዓመት። ክቡርነታቸው አቶ ዝናው ወልዴ ይባላሉ። ፈረስ ኖሯቸው ባያውቅም እኔ የፈረስ ስም አውጥቼላቸዋለሁ፤ አባ ቆይ።

ቤታቸው ከሐይቅ ከተማ ወደ አምባሰል በኩል ነው። ባጃጁ ከዚህ በላይ አልወጣም ብሎ ካወረዳችሁ በኋላ፣ ሐይቁን በስተኋላችሁ ትታችሁ፣ አርባ ደቂቃ ያህል ሽቅብ በእግር ነው። እርከን እርከን ሆኖ የተተከለ ወይን ስታዩ ደርሳችኋል። ወይኑን ያመጡት አባታቸው አቶ ወልዴ ናቸው። በልጅነታቸው ደሴ አንድ ጣሊያን ቤት አትክልተኛ ነበሩ። ጣሊያኑ ጥሎ ሲሄድ ሌላው ሠራተኛ ወንበሩንም ድስቱንም ሲሻማ፣ እሳቸው ከጓሮው አሥራ አንድ ቁራጭ ሐረግ ቆርጠው፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው፣ በአህያ ጭነው መጡ። እናታቸው ደሞዝህ ይኸው ነው ወይ ብለው አለቀሱ ይባላል። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ያዙ። ዛሬ ተዳፋቱን የሞላው የእነዚያ የሰባቱ ዘር ነው።

ሥራው ከቤተሰቡ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ጥር ላይ አባ ቆይ አምባሰልን እያንጎራጎሩ በመቀስ ይገርዛሉ። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ይለቀማል። ባለቤታቸው ስህን፣ ነፍሷን ይማርና፣ እግሯን እስከ ጉልበቷ ታጥባ ትረግጠው ነበር። ቀይ ወይን ከነልጣጩ ነው የሚጠመቀው፤ ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነውና። እስከ ነሐሴ ድረስ እግሯ እንሶስላ የሞቀ ይመስል ነበር። "በሙሽርነቴ ያላገኘሁትን በየዓመቱ እሞቃለሁ" እያለች ትስቅ ነበር።

እኛ እስላሞቹ ጎረቤቶች የምንለቅመው የላይኛውን ሦስት እርከን ነው። ይህ ከአቶ ወልዴ ጊዜ የመጣ ሥርዓት ነው። የላይኛው ሦስት እርከን ጋን ውስጥ አይገባም፤ ጣሪያ ላይ ይሰጣና ዘቢብ ይሆናል። ግማሹ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለቅዳሴ ይሄዳል፤ ግማሹ ለረመዳን ማፍጠሪያ መስጊድ ይገባል። አንድ ጣሪያ ላይ አብሮ ይደርቃል። ንቦቹም የትኛው የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ሁለቱንም እኩል ያስቸግራሉ። እኔ ሙጂባ እባላለሁ፤ ከእነዚያ ለቃሚዎች አንዷ ነኝ፤ ጎረቤትም ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ነገሬ ቢዘበራረቅ እለፉኝ።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ዘንድሮ የወይኑ ነገር አፋፍ ላይ ስለደረሰ ነው። የአባ ቆይ አንድያ ልጅ ማርያማዊት፣ እናቷ ካረፈች ወዲህ እርሻውን የያዘችው እሷ ናት፣ በመስቀል ማግስት አባቷን አስቀምጣ ነገረቻቸው። ታች ሐይቁ ዳር ያለው ሰው ሁሉ በፓምፕ ውኃ እየሳበ ሽንኩርት ይሸጣል፤ እኛ የማይጠጣ ወይን እንጠብቃለን። ትልቁ በርሜል ዘንድሮ ካልተከፈተ ሐረጉን ከነሥሩ ነቅዬ ሽንኩርት እተክላለሁ አለች። ገዢም አግኝታለች፤ ደሴ ሆቴል ያለው ታረቀኝ የሚባል ሰው። ቀምሶ ከወደደው ትልቁን በርሜል ብቻ ሳይሆን የየዓመቱን ምርት ሊወስድ ተስማምቷል። የሚመጣው በጥቅምት የመጨረሻው ቅዳሜ ነው። አባ ቆይ ምን እንዳሉ ልንገራችሁ? አያስፈልግም።

ቅዳሜ እስኪደርስ ሰውየውን በደንብ ላስተዋውቃችሁ።

ጃንጥላ አላቸው፤ ጥቁር፣ እጀታው የተጠረበ። ዝናብ ሲመጣ እንዳይበሰብስባቸው ካፖርታቸው ሥር ይከቱታል። በዓይኔ ነው ያየሁት፤ እሳቸው ረጥበው፣ ጃንጥላው ደርቆ፣ ሁለቱም በሰላም ቤት ገቡ።

ትልቁ በርሜል የተሞላው ለማርያማዊት ሠርግ ነበር። ዳሱ ተጣለ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በየወገኑ ታረደለት፣ ለእኛ ብርዝ ተበረዘ፣ ለእነሱ ጠላው ተጠመቀ። የቀረው ያ የተወራለት ወይን ነው። አባ ቆይ ማንቆርቆሪያ ይዘው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ሰው ጠበቀ። ዘፋኙ ሁለት ጊዜ ዘፍኖ ጨረሰ። አንዷ አክስት ሰውየው ደረጃው ላይ ወድቆ ሞቶ እንዳይሆን ብላ ነጠላዋን ማዘቅዘቅ ጀምራ ነበር። በመጨረሻ ባዶ ማንቆርቆሪያ ይዘው ወጡ። "ቆዩ፣ ገና ነው" አሉ፣ በሐዘንም በኩራትም። ሚዜዎቹ ለወይን ያዘጋጁትን ጉሮሮ በጠላ አረጠቡ።

ልጅ ተወለደ፣ ክርስትና ተነሣ፤ ቆይ። ልጁ አደገ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አለፈ፤ ቆይ። በመካከሉ ማርያማዊት ከባሏ ተለያየች። ለሠርጉ ያልደረሰ ወይን ትዳሩን ሸኝቶ አሁንም ይደርሳል እየተባለ ነበር።

ከትልቁ ሌላ የነበራቸውን አንድ በርሜልማ አስቆይተው አስቆይተው አቼቶ አደረጉት። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ጨለማ ለብሶ ይደፋዋል። እሳቸው ግን ቀመሱትና፣ ይህ ለአቼቶነት ደርሷል፣ አንድ ነገር በሰዓቱ ደረሰልኝ ብለው ለጎረቤት ማደል ጀመሩ። ያን ዓመት ከእኛ መንደር እስከ ሐይቅ ከተማ ድረስ ሰላጣ ሳይበላ ያደረ ቤት የለም። ዓሣ አጥማጆቹ ሳይቀሩ ዓሣቸውን በአባ ቆይ አቼቶ ያሹ ነበር። ባለቤቴ ኑርዬ፣ አላህ ይዘንለት፣ የደረሰንን ጠርሙስ አገላብጦ አየና "ሰውዬው ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ ተመልሶ ወይን ይሆንለት ነበር" አለ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከከተማ ለጉብኝት የመጡ ሰዎች ካሜራ ይዘው ምድር ቤቱ ድረስ ወረዱላቸው። አባ ቆይ ስለ ሐረጉ፣ ስለ ልጣጩ፣ ስለ ጣሊያኑ ጓሮ አንድ ሰዓት አስረዷቸው። እንግዶቹ ምራቃቸውን እየዋጡ ብርጭቆ ሲጠብቁ፣ እሳቸው የበርሜሉን ሆድ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው "ድምፁን ስሙት" አሏቸው። ድምፁን ሰምተው፣ በርሜሉን አቅፈው ፎቶ ተነሥተው፣ ከተማ ወርደው ሚሪንዳ ጠጡ።

ያ ክፉ ጊዜ፣ ጦርነቱ፣ መጥቶ ሰው ሁሉ ልጁን አዝሎ ሲሸሽ እንኳ ያደረጉትን ስሙልኝ። የቤታቸውን በር ሳይቆልፉ የምድር ቤቱን በር በድንጋይና በጭቃ ደፈኑት። ከዚያም ጭቃው አዲስ መሆኑ እንዳይታወቅ ላዩ ላይ ኩበት ለጠፉበት። ከብት የሌለው ሰው ቤት ግድግዳው በኩበት ሲሸለም ማንም አልጠረጠረም። ስንመለስ ቡፌያቸው ተሰባብሯል፣ ቆርቆሮው ተነቅሏል፣ ኩበቱ ግን አንድም ሳይጎድል እንደተለጠፈ ነው። ጣሪያቸውን ቀና ብለው ሳያዩ ሰው ሰደው አስጠሩኝ።

ለምን እኔን? ወደ ራሴ ጥፋት መምጣቴ ነው።

ወጣት ሳለሁ ለለቀማ ጆንያ ላወጣ ምድር ቤት ወርጄ አንዱ ጋን አጠገብ ስደርስ ቆም አልኩና "ይህኛውስ ታሟል" አልኩ። እርጥብ ውሻ ሸቶኝ ነበር። በሳምንቱ ያ ጋን ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ አባ ቆይ ያለ እኔ አፍንጫ የሚከፍቱት ነገር የለም። አስተሳሰባቸው እንዲህ ነው። የሚጠጣ ሰው ቀማሽ ቢሆን ለመጠጣት ሲል ደርሷል ይላል። ሙጂባ አትጠጣም። የማትጠጣ ደግሞ ምን ልትጠቀም ትዋሻለች?

አያችሁ ጥበባቸውን? ወይን በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት፣ የደረሰ ወይን ምን እንደሚሸት ማን ነግሯት ነው? የታመመውን አውቀዋለሁ። የደረሰውን ግን ከየት ልወቀው። ይህን ልነግራቸው ይገባ ነበር። ግን ሹመት ሲሰጠው እምቢ ያለ ሰው እስቲ አሳዩኝ። ኑርዬም "የሌላው ሚስት በእጇ ትሠራለች፣ የእኔዋ በአፍንጫዋ" እያለ ይፎክርብኝ ነበር።

ልቤን ከንክኖኝ ሸሁን ጠይቄያቸዋለሁ። አላህ አፍንጫ ላይ ክዳን አልሠራም፣ አንቺ ግን ከዚያ እንዳታልፊ አሉኝ። አላለፍኩም። ለማሽተቱም ሳንቲም አልተቀበልኩም፤ የምቀበለው ለዘቢቡ ለቀማ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በወር አንድ ጊዜ፣ ሐሙስ ቀን፣ ይጠሩኛል። ስምንት ደረጃ እንወርዳለን። መጀመሪያ በፋኖስ ነበር፣ ኋላ በባትሪ፣ አሁን አሁን በስልክ መብራት። የበርሜሉን ውታፍ ይነቅሉና እኔ እጎነበሳለሁ። ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

"እህሳ፣ ሙጂባ?"

አንዳንዴ ዝናብ የነካው አቧራ ይሸተኛል፣ አንዳንዴ የኮርቻ ቆዳ፣ አንዳንዴ የደረቀ እንጆሪ። የትኛው የመድረስ ምልክት እንደሆነ ስለማላውቅ "ገና ነው" እላለሁ። እሳቸው ውታፉን ይመልሱና "እኔም ጠርጥሬ ነበር" ይላሉ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጠን እናወራለን። ስህን በሕይወት ሳለች ከላይ ሆና ትሰማንና፣ በርሜሉ ነው ወይስ እናንተ ናችሁ የምትፈሉት ብላ ትጣራ ነበር። ለማሽተት ሁለት ደቂቃ፣ ለወሬው አንድ ሰዓት።

ስህን ከስድስት ዓመት በፊት ታማ ተኛች። አንድ ቀን ከትልቁ በርሜል አንድ ጉንጭ አምሮኛል አለች። አባ ቆይ ቆይ አላሉም፤ ይህን ልመስክርላቸው። በውታፉ በኩል ቢጨልፉት ወይኑ ይታወካል ብለው በርሜሉን በምስማር ወጉት፣ አንድ ሲኒ ቀዱ፣ ቀዳዳውን በሰም ደፈኑት። እኔ አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነችና "ገና ነው፣ ዝናዬ፤ አስቆየው" አለቻቸው። እሳቸው ሲኒውን ይዘው እንደወጡ ወደ እኔ ዞረች።

"ደርሷል፣ ሙጂባ። እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም።"

ታዲያ ለምን አልነገርሽውም አልኳት።

"እኔ ከሄድኩ ይህ ሰው የሚጠብቀው ነገር ያስፈልገዋል። እየመጣሽ ገና ነው በይው። አደራ።"

አደራ ደግሞ ከባድ ነው፤ እስላም ክርስቲያን ብሎ አይለይም። ስህን በሳምንቱ አረፈች። ከአርባዋ በኋላ በመጣው ሐሙስ ወረድን፣ አሸተትኩ፣ "ገና ነው" አልኩ። በሕይወቴ እያወቅሁ የዋሸሁት የመጀመሪያው ሐሙስ እሱ ነው። አባ ቆይ ውታፉን መለሱና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ስህን ያወሩትም ያን ቀን ነው።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ሁለት ዓመት ያህል የዋሸሁት ለስህን ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ለእሷ ማስቆጠር አልችልም። ኑርዬ ካለፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልጆቼ ሩቅ ናቸው፤ ስልክ ሲደውሉ ደህና ነሽ ወይ ይላሉ፣ ደህና ነኝ እላለሁ፣ አለቀ። ሴት ልጅ ስታረጅ ስለ ጉልበቷ ትጠየቃለች እንጂ የሚመስላትን አትጠየቅም። "እህሳ፣ ሙጂባ?" ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የምትለውን የሚጠብቅ ሰው ከዚያ ምድር ቤት ሌላ የትም አልነበረኝም። ሐሙስ ሲመጣ ሻሼን ሁለቴ ፈትቼ ሁለቴ አስሬ ነበር የምወጣው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታስቡብኝ። ካሰባችሁም አልቆጣም።

ወደ ቀጠሮው ልመለስ። አርብ ከሰዓት ማርያማዊት ቤቴ መጣች። እንደ እናቷ ናት፤ ቁጭ ሳትል ነው ነገሯን የምትጀምረው።

"እትዬ ሙጂባ፣ አባባ ያለ አንቺ አይከፍትም። ነገ ደርሷል በይልኝ።"

"ካልደረሰስ?"

"ካልደረሰ ሽንኩርት ነው። ባለ ፓምፑን ለሰኞ ቀጥሬዋለሁ" አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "መንቀል የምወድ ይመስልሻል? እኔ እኮ ከእማዬ እግር ሥር፣ እዚያ ሐረግ መሐል ነው ያደግኩት።"

አብሽሪ ልጄ ብዬ ሸኘኋት። ማበሸሩን አበሸርኳት እንጂ ቃል አልሰጠኋትም። የአሱርን ሶላት ሰግጄ ስጨርስ ምንጣፌ ላይ ቀረሁ። ገና ነው ብል ሐረጉ ይነቀላል፤ የታችኛውም፣ የላይኛው ሦስት እርከንም፣ የገዳሙም የመስጊዱም ዘቢብ ይቀራል። ደርሷል ብል የስህንን አደራ በላሁ። ያም ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በርሜሉ ባዶ ከሆነ ደረጃውን የምወርደው ምን ላሽትት ነው? ክፉ ሆኜ ልንገራችሁ፣ ሽንኩርቱን አንድ ጊዜ አሰብኩት። ሐረጉ ቢነቀልም በርሜሉ ይቀራል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አፈርኩ። ስህን ያለችው የሚጠብቀው ነገር ያስፈልገዋል ነው። ሥሩ የተነቀለ ሰው ምን ይጠብቃል?

ቅዳሜ ታረቀኝ በሰዓቱ መጣ። ሰውየው የሌላ ወገን ነው፤ የቶሎ ወገን። መኪናውን ከባጃጁ መውረጃ በላይ ድረስ አውጥቶ አንዱን ጎማ አፈንድቷል። ሰላምታውን እያሳጠረ፣ ስልኩን እያየ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደሴ መመለስ አለብኝ ይላል። ማርያማዊት ከቡፌው የተረፉትን ሁለት ብርጭቆዎች አጥባ ይዛለች። አባ ቆይ ባርኔጣቸውን አድርገው የምድር ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። እንግዳው ከላይ ይቆይ አሉና እኔን ብቻ ጠሩ።

ከዚህ በኋላ አንቱታውን ልተወው፤ ምድር ቤት ውስጥ አንቱ ተባብለን አናውቅም።

ዝናው ቀድሞ ወረደ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ዞሮ ክንዴን ያዘ። በአርባ ዓመት ክንዴን ይዞ አያውቅም። የቀሩትን አምስት ደረጃ ሳይለቀኝ ወረድን። ውታፉን ነቀለ፤ እኔም ጎነበስኩ። መልሴን ቀድሜ ሳላዘጋጅ ካሸተትኩ ስድስት ዓመቴ ነበር። የሸተተኝን በምን ልንገራችሁ። ክረምት ሲወጣ የመጀመሪያው ፀሐይ የመታው ሐይቅ ዳር፣ እርጥቡም ሙቀቱም አብሮ ያለበት፣ እንዲያ ያለ ነገር ነው። መድረስ ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ አላውቅም።

"እህሳ፣ ሙጂባ?"

"ደርሷል" አልኩት።

ውታፉን በእጁ አገላበጠው። ከላይ የታረቀኝ ጫማ ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማል።

"አውቃለሁ" አለ ዝናው።

ምኑን ነው የምታውቀው አልኩት።

"ስህን ስትቀምሰው ፊቷን አይቻለሁ። ሲኒዋ ውስጥ የቀረውንም ቀመስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።"

በርሜሉን ተደገፍኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ለእሱ ስዋሽ እሱ ለእኔ ሲሰማ ኖሯል። ልጅህ ሐረጉን ልትነቅል ደርሳ፣ አገር ሁሉ እየሳቀብህ፣ ታዲያ ለምን አስቆየኸው ብዬ ተቆጣሁት። ቁጣዬ ግን ድምፅ አልነበረውም።

"ገና ነው ካልሽ በወሩ ትመጫለሽ" አለ። "ደርሷል ካልሽስ? ለምን ትመጫለሽ?"

ማርያማዊት ከላይ ተጣራች። ዝናው "ብርጭቆውን አምጪ፣ ልጄ" አላት። እንዲህ ሲል እሷም እኔም የሰማነው የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

ታረቀኝ አንድ ጊዜ ጎነጨ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፣ አላነሣውም። ሁለተኛ ጎነጨና እዚያው ደረጃ ላይ፣ ያን የመሰለ ልብስ እንደለበሰ፣ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ ያለው ሰው አምስት ሰዓት ሙሉ ቆየ። ማርያማዊት ብርጭቆውን ስትቀምስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኛም አላየንም አልን። ባለ ፓምፑ ሰኞ መጥቶ በባዶ ተመለሰ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ በርሜሉ ወደ ጠርሙስ ተገልብጦ ተጫነ። ታረቀኝ ለከርሞው ብሎ እንደ ቴርሞሜትር ያለ፣ ቁጥር የተጻፈበት የመስታወት ዘንግ ለማርያማዊት ሰጣት። ወይኑ ውስጥ ስታቆመው ደረሰ አልደረሰም ብሎ ይነግራታል። ጉልበቱን አያመውም፣ ሻሽ አያስርም፣ ወሬም አይፈልግም። እኔ እንግዲህ ጡረታ ወጣሁ። ሐረጉ ግን ቆሟል፤ ጥር ላይ ይገረዛል፣ ግንቦት ላይ ይለቀማል፣ አልሐምዱሊላህ።

የወሩ ሐሙስ መጣ። ማንም አልጠራኝም፤ ለምን ይጠራኛል? ቤቴን ሁለት ጊዜ ጠረግኩት። አርብም ቅዳሜም እንዲሁ ሄዱ። አገር የሳቀበትን ያን ሰውዬ፣ እኔም ከሁሉ በላይ የሳቅሁበትን፣ ምነው አንድ በርሜል ሌላ ባስቆየ ብዬ ተመኘሁ።

በሰኞው ረፋድ ላይ ውሻው ጮኸ። ብወጣ ዝናው አጥሩ በር ላይ ቆሟል። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለበዓል መጥቶ ያውቃል፤ ያለ ነገር መጥቶ አያውቅም። እጁ ባዶ ነው።

ምን ፈልገህ ነው አልኩት።

ትንሽ አሰበ። ከተዳፋቱ ሲወርድ ምክንያት ሲፈልግ መጥቶ አጥቶት እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበባል።

"ምንም" አለ። "ልጠይቅሽ ነው።"

ግባ አልኩት። ገባ። የት እንደሚቀመጥ ግራ ገብቶት መሐል ቤት ቆመ፤ እኔም የት እንደማስቀምጠው ግራ ገብቶኝ አጠገቡ ቆምኩ።